በሸራው ላይ ያለፈው ሰው

ሰውየው ጋቢውን አወለቀ። አራት ላይ አጥፎ በበቅሎዋ ጀርባ ላይ አነጠፈው፤ ከዚያ በላዩ ከባዱን የእንጨት ሣጥን ጫነ።

ፀዳለ የጓደኛዋን የእንዳለችን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«ኧረ ክንዴን! ምን ሆነሻል አንቺ?» አለች እንዳለች በሹክሹክታ።

ፀዳለ አልሰማቻትም። ሸራው ላይ ያለው ሰው ፊቱን ወደ ጎን መለስ አድርጎ የበቅሎዋን አንገት ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አደረገና ጉዞውን ጀመረ። ከዚያ በላይ አልታየም። አንድ፣ ሁለት ብሎ አምስት ለመቁጠር እንኳን የማይበቃ ጊዜ ነው። ወዲያው ነጭ የቡሽ ባርኔጣ ያደረገው ካፒቴን መጥቶ ሸራውን ሞላው።

«አባባ» ልትል አፏን ከፍታ ተወችው።

ጊዜው ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ነው። ጣልያን አዲስ አበባ ከገባ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተዋል። ፊልሙ የሚታየው ሰንጋ ተራ፣ ከከብት ገበያው ጀርባ ባለ አሮጌ የቆዳ መጋዘን ውስጥ ነበር። መስኮቶቹ በጆንያ ስለተሸፈኑ በጠራራ ፀሐይ ቤቱ ጨልሟል። ቆዳው ከወጣ ዓመት ቢያልፈውም ሽታው አብሮ አልወጣም። የልደታና የሰንጋ ተራ ሰው፣ ለአበሻ በተፈቀደው የሐሙስ ቀን፣ በእንጨት አግዳሚዎች ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ተቀምጧል።

ፊልሙ ከሃምሳ ዓመት በፊት ስለነበረ አንድ ጣልያናዊ አገር አሳሽ ነው። ልጅ ሆኖ በባሕር ጠረፍ ሲሮጥ ይጀምራል፤ ያድጋል፤ ካፒቴን ይሆናል፤ ጓዙን በበቅሎ አስጭኖ ተራራ እየወጣ ገደል እየወረደ የአንድ ወንዝ ምንጭ ያገኛል። ከሸራው አጠገብ የቆመ አስተርጓሚ በቆርቆሮ መለከት እየጮኸ ጣልያንኛውን በአማርኛ ይመልሳል።

ሰዉ ፊልሙን የወደደው እንደሆነ ወይም የጠላው እንደሆነ ለማወቅ አስቸጋሪ ነበር። ፏፏቴው ከገደሉ ሲወረወር ከፊት ያሉት እንዳይረጩ እግራቸውን ሰበሰቡ። ጉም ከተራሮቹ ላይ እየተገፈፈ ሰማያዊው ሸንተረር ሲገለጥ አንዲት ሴትዮ ሳታስበው እልል አለች፤ ከዚያ ደንግጣ አፏን ያዘች። አንበሳ መጥቶ ጫኞቹ ሁሉ ሲሸሹና ካፒቴኑ ብቻውን ቆሞ ሲተኩስ ግን፣ ከብት ነጋዴው ጋሽ ሚደቅሳ ከመሐል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ኧረ ይኼ አንበሳ የጠገበ ነው! ዓይኑን አታዩትም? እንቅልፉ መጥቷል እኮ!» አሉ። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። በር ላይ የቆመው ወታደር ምን እንዳሳቃቸው ስላልገባው እሱም ሳቀ።

ፀዳለም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስትስቅ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ተራሮቹን በጣም ወዳቸዋለች፤ መውደዷ ደግሞ ትንሽ አሳፍሯታል። አሁን ግን ሳቁም ሐፍረቱም ጠፋ። የቀረውን ፊልም አየችው ለማለት አይቻልም። ሰውየው ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ብላ የሸራውን ጥግ ጥጉን ስትፈልግ አለቀ።

አባቷ ተክለጻድቅ የበቅሎ ጫኝ ነበር። ሳይጭን በፊት የገዛ ጋቢውን አውልቆ በበቅሎው ጀርባ ላይ ያነጥፋል። «ጀርባው ከቆሰለ እኔ በምን እበላለሁ?» ይላል። የሰፈሩ ሰው «ሚስቱን ትቶ በቅሎውን የሚያለብስ» እያለ ይቀልድበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። በ1928 የጦሩን ስንቅ ጭኖ ወደ ሰሜን ሄደ። ጦሩ ተበተነ፤ ጣልያን ገባ፤ ተክለጻድቅ አልተመለሰም። አንዱ ማይጨው ላይ ወድቋል አለ። ሌላው ከአርበኞች ጋር ጫካ ነው አለ። አየሁት የሚል ግን አልተገኘም። እናቷ ወለተሰንበት ሦስት ዓመት ጠብቃ ጠብቃ፣ በመጨረሻ በዘመድና በንስሐ አባቷ ምክር፣ ከግንቦት ልደታ በኋላ ተዝካሩን ልታወጣ እሺ ብላለች።

ፊልሙ እንዳለቀ ጆንያዎቹ ተገለጡና ሰዉ ዓይኑን እያሻሸ ወደ በሩ ተግተለተለ። በሩ አጠገብ አንድ ወፍራም ጣልያናዊ፣ በአንድ እጁ ማስታወሻ ደብተር፣ በሌላው ላቡን የሚጠርግበትን መሀረብ ይዞ ቆሟል። ክፉ ሰው አይመስልም። የመለከቱ አስተርጓሚ ድምፁ ጭራሽ ተዘግቶበት ስለነበር፣ ጣልያናዊው ጣልያንኛ የሚችል ሰው እንዳለ በምልክት ይጠይቃል።

«እሷ ትችላለች! የጣልያን መነኮሳቱ ጋ ነው የምትማረው!» አለች እንዳለች፣ ፀዳለን ወደፊት ገፋ አድርጋ። እንዳለች ምላሷ ሁልጊዜ ከሐሳቧ ይቀድማል።

ሰውየው ሲኞር ቶኒኒ እባላለሁ፣ የጋዜጣ ጸሐፊ ነኝ አለ። አገሬው ስለ ፊልሙ ምን እንደሚል መስማት ይፈልጋል። ፀዳለ እምቢ የምትልበት መላ ጠፍቷት ከአጠገቡ ቆመች።

መጀመሪያ የመጡት ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ደሚቱ ነበሩ። «አገሩ እንዴት ያምራል! ውሃው፣ ደኑ፣ ገደሉ! ባለቤቱን ግን አላየሁትም፤ የት ሄዶ ነው በይልኝ» አሉ፣ ፊታቸውን እንደ ዳኛ ኮስተር አድርገው። ከኋላቸው ያሉት ሳቃቸውን ዋጡ።

ፀዳለ የመጀመሪያውን ብቻ ተረጎመች። «አገሩ በጣም ያምራል ይላሉ» አለች በጣልያንኛ።

«ጥሩ! ጥሩ!» አለ ቶኒኒ እየጻፈ።

ጋሽ ሚደቅሳ ቀጠሉ። «ካፒቴኑ ጎበዝ ነው፤ መንገዱን አግኝቷል። ግን እንዳየሁት በቅሎ ነጂዎቹ ሁልጊዜ ከፊቱ ከፊቱ ነበሩ። እና መንገዱን ያገኘው ማን ይሆን?»

«ካፒቴኑ ጎበዝ ነው ይላሉ።»

የምትመልሰው ሁሉ ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። አንዳንዱን የምታስቀረው እንዳይታሰሩ ብላ ነው፤ አንዳንዱን ደግሞ ለምን እንደምታስቀር ራሷም አታውቅም። ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ሰዉ ሳሳ ሲል ድፍረት አገኘችና፣ «ሲኞር፣ ይህ ፊልም የተነሣው መቼ ነው?» ስትል ጠየቀች።

«ለምን?»

«እንዲሁ… ተራራው አምሮኝ።»

ቶኒኒ ከቦርሳው ሥዕል ያለበት ቀጭን መጽሐፍ አወጣና በመሀረቡ ቸብ አደረገው። «ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ። ቦታው፣ ወሩ፣ የጓዙ ጫኞች ስም ሳይቀር። ነገ ትምህርት ቤትሽ እመጣለሁ። የአሥር ሰው አስተያየት ከነስማቸው በጥሩ ጽሕፈት ጽፈሽ ስጪኝና መጽሐፉን አሳይሻለሁ።» ዓይኑን ጠበብ አደረገ። «ምን ዓይነት አስተያየት እንደምፈልግ ይገባሻል አይደል? ጋዜጣ ማጉረምረም አያትምም።»

ወደ ልደታ ሲመለሱ ፀዳለ መንገዱ መሐል ላይ ቆመች።

«እንዳለች፣ አባባን አየሁት።»

«የት?»

«ሸራው ላይ። ጋቢውን ያነጠፈው ሰውዬ።»

«አንቺ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ግን በሕይወት ካለ…» አለች እንዳለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከጣልያን ጋር ምን ያደርጋል? ባንዳ ሆኖ ነው እንዴ?»

«አፍሽን ዝጊ!»

«እኔ አልኩ እንዴ? ሰው የሚለውን ነው የነገርኩሽ።»

«ሰው ምንም አይልም፤ ካልነገርሽው።»

እንዳለች ተቀይማ በአብነት በኩል ታጠፈች። ፀዳለ ብቻዋን ቀረች። አባቷ ነው ብላ ስታስብ ደስታ ያንቃታል። ወዲያው፣ ታዲያ ለምን ቤቱ አልመጣም የሚለው ይከተላል። አይደለም ስትል ደግሞ እንደገና የገደለችው ያህል ይከብዳታል። ፊልሙ ከጦርነቱ በፊት የተነሣ ከሆነስ? ያን ጊዜ ያ ሰው አባቷ ቢሆንም በሕይወት ስለመኖሩ ምንም አይናገርም። ግን ከጦርነቱ በፊት ጣልያን በዚህ አገር ፊልም እንዲያነሣ ማን ይፈቅድለታል? ሐሳቧ እንደተተበተበ ድር ሆነ፤ አንዱን ጫፍ ስትስብ ሌላው ይጠብቃል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋሽ ሚደቅሳ ቤት ሄደች። ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጅራፍ ይጎነጉናሉ። አባቷን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል።

«ጋሽ ሚደቅሳ፣ ጋቢውን ያነጠፈውን ሰውዬ አዩት?»

እጃቸው ቆመ። «አየሁት።»

«እሱ ነው?»

ሽማግሌው ጅራፉን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ በሬ ቢሆን በምሽት ጥላውን አይቼ የማን እንደሆነ እነግርሽ ነበር። ሰው ግን… እኔም ከዚያ ጀምሮ ራሴን ስጠይቅ ነው የዋልኩት። ቸብታው የሱ ነው፤ ትከሻው የሱ አይደለም። ተክሌ ሰፊ ነበር። ደግሞ ጋቢ ማንጠፉን እሱ ከሌላ ጫኝ ነው የተማረው፤ ከሱም የተማሩ አሉ።»

«ሰው ሦስት ዓመት ሲቸገር ትከሻው አይጠብም?»

«ይጠባል» አሉ ጋሽ ሚደቅሳ። «ይጠባል እንጂ።»

«ከሆነስ ባንዳ ነው ይሉታል?»

«አንድ ሣጥን በበቅሎ የጫነን ሰው? የሚሉ አይጠፉም።» ጅራፉን እንደገና ያዙ። «አስገድደውት ይሁን ርቦት ይሁን፣ ያ ሸራ አልነገረን። እሱ እዚያ ላይ አንድ ቃል ሲናገር ሰማሽ?»

አልሰማችም። ፀዳለ ይህን እያሰበች ተመለሰች። እናቷ «ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ ጠቁሯል» ብትላት፣ «ራሴን ነው» አለች። ከዚያ ወረቀት አውጥታ የሰዎቹን ቃል አንድ በአንድ ጻፈች፤ መልካሙንም፣ ነገር ያለበትንም። ጽፋ ስታበቃ ስም የምታስገባበት ቦታ ሁሉ ባዶ ነበር።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ቶኒኒ በትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ አገኛት። ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያነብ ቅንድቡ ከፍ ዝቅ አለ።

«‹በቅሎ ነጂዎቹ ከፊቱ ነበሩ›» አለ። ሳቀ። «ይህን ያለው ማነው?»

«አላስታውስም።»

«ይህንና ‹ባለቤቱ የት ሄደ› የሚለውን እንሰርዛቸዋለን። ለሌሎቹ ስም ስጪኝ። ያ የከብት ነጋዴ ማን ይባላል? በሱ ስም ‹ካፒቴኑ ለአገራችን እንደ አባት ነው› ብለን እናስገባለን።»

«እንደዚያ አላሉም፣ ሲኞር።»

«ግድ የለም፤ ቢጠየቅ ይል ነበር።»

መጽሐፉን ከቦርሳው አውጥቶ ከፈተው። በአንደኛው ገጽ ላይ የበቅሎዎች ፎቶግራፍ አለ፤ በበቅሎዎቹ መሐል የቆመ አንድ ሰው አለ፤ የቶኒኒ ወፍራም አውራ ጣት ግን በትክክል የሰውየው ፊት ላይ አርፏል። ከሥሩ ረጅም ጽሑፍ ይታያል። ፀዳለ አንገቷን አሰገገች።

«መጀመሪያ ስሞቹን» አለና ብዕሩን ዘረጋላት።

ብዕሩን ተቀበለችው። አራት ፊደል ነው፤ ሚደቅሳ። ጽፋ ጣቱን ማስነሣት ትችላለች። ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ስትል ሰንጋ ተራ ታያት። አንድ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ለመቶ ሰው ያወራል። ሚደቅሳ ካፒቴኑን አባቴ አለ፣ ይባላል። ብለሃል ወይ ብሎ የሚጠይቃቸው አይኖርም። በመጋዘኑ ውስጥ አገሩን ሁሉ ያሳቁት ሽማግሌ፣ በደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ሌላ ሰው የሰጣቸውን ቃል ተሸክመው ይቀራሉ።

ብዕሩን መለሰችለት።

«ስማቸውን አላውቅም።»

«ታውቂያለሽ።»

«አላውቅም፣ ሲኞር።»

ቶኒኒ ትንሽ አያት። ተቆጣ ለማለት አይቻልም፤ ደከመው እንጂ። መጽሐፉን ዘጋ። «ስም ከራሴ ፈልስፌም ቢሆን አላጣም» አለና ወረቀቱን ከበረንዳው አጥር ላይ ትቶላት፣ ላቡን እየጠረገ ደረጃውን ወረደ።

ፀዳለ ወረቀቱን አነሣች። ያደረገችው ነገር ለማን እንደጠቀመ አልገባትም። ሰውየው እንደሆነ የፈለገውን ይጽፋል። መጽሐፉ ከነስሙ፣ ከነወሩ ሄደ። ልሩጥና ልጥራው ብላ ሁለት ደረጃ ወረደች፤ ከዚያ ተመልሳ ወጣች። ደወሉ ተደወለ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወለተሰንበት ከደጅ፣ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። በልደታ የወለተሰንበትን ፈትል የማያውቅ ሸማኔ የለም። ከጎኗ ለተዝካሩ የተዋሰችው ትልቅ ጋን ተደፍቷል።

ፀዳለ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ ቆማ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ጋቢውን፣ ቸብታውን፣ ጋሽ ሚደቅሳ ያሉትን፣ የቶኒኒን መጽሐፍና አውራ ጣቱን። እናቷ ራሷን ትስታለች ወይም ትጮኻለች ብላ ፈርታ ነበር። ወለተሰንበት ግን እንዝርቷን ማሽከርከር አላቆመችም። ልጇ ተናግራ ስትጨርስ ብቻ፣

«ከስቷል?» ስትል ጠየቀች።

«ሰውዬው ከሲታ ነው። አባባ ይሁን አይሁን ግን አላውቅም፣ እማዬ።»

«ጫማ አድርጓል?»

«እግሩን አላየሁትም።»

«ጢም አለው?»

«አለው። ትንሽ ሸብቷል።»

ወለተሰንበት እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሳረፈችው። «ሦስት ዓመት ሙሉ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሰው ሁሉ እየመጣ ሞቷል በዪ ይለኛል። ሌላው እየመጣ አለ በዪ ይለኛል። እኔ አላውቅም ማለት ነው የምፈልገው። አላውቅም ስል የሚሰማኝ ጠፋ። አንቺም አታውቂም?»

«አላውቅም።»

«ጎሽ» አለች እናቷ። ለምን እንዳለችው ፀዳለ አልገባትም፤ ግን ቦርሳዋን አውርዳ ከጎኗ ተቀመጠች።

«በሕይወት ካለ ለምን አልመጣም?»

«እሱን ሳገኘው እጠይቀዋለሁ። አንቺን አይደለም የምጠይቅሽ።» ወለተሰንበት ከቀሚሷ ላይ ብናኙን አራገፈች። «እንደገና ያሳዩታል?»

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት። የመጨረሻ ስለሆነ ሐሙስ ባይሆንም ለአበሻ ፈቅደዋል፤ ከዚያ ወደ ደሴ ይወስዱታል።»

«እኔ ሲኒማ ገብቼ አላውቅም። የት ነው የሚቀመጡት?»

«ከፊት እንቀመጣለን። ቶሎ ነው የሚያልፈው እማዬ፤ ሊመጣ ሲል እጅሽን እይዛለሁ፤ ያን ጊዜ…»

«አትያዢኝ» አለች ወለተሰንበት። ድምፅዋ አልከረረም፤ ግን ጠንካራ ነበር። «ይኸውልሽ፣ ይኼ ነው አትበዪኝ። በዓይንሽም እንዳትጠቁሚኝ። ዝም በይና እኔው ልየው። ነው ካልኩም፣ አይደለም ካልኩም፣ እኔ የምለው ይሁን።»

ፀዳለ ልትከራከር አፏን ከፈተች። በጨለማው መጋዘን ውስጥ፣ ያ ሰው በሸራው ላይ ሲያልፍ፣ እናቷ ደግሞ ሳታየው ስትቀር ታያት። ወይም አይታው፣ ፊቷን አዙራ፣ «አይደለም» ስትል። እሷስ ያን ጊዜ እንዴት ትችለዋለች?

«እሺ» አለች።

ወለተሰንበት ለነገ እንዲታጠብ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አውርዳ ሰጠቻት። ፀዳለ ተቀብላ፣ ከጉድጓዱ ውሃ ቀድታ፣ ፀሐይዋ ሳትሸሽ እንዲደርቅ ማጠብ ጀመረች።